የኮምፒውተር ውሃ ማቀዝቀዣን መሙላትና አየሩን ማስወጣት፦ በድሬዳዋ ሙቀት ለምትሠሩ

ድሬዳዋ ውስጥ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የመጣ ነው። አውሮፕላን ላይ ከመጫኑ በፊት ውሃው ተደፍቷል፣ ቱቦዎቹም ባዶ ናቸው። ባለቤቱ ግን ካርቶኑን ከፍቶ መስታወቱንና መብራቱን ሲያይ እጁ በቀጥታ ወደ ማብሪያው ይሄዳል። ከሳቢያን የመጣ አንድ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ወጣት እህቱ የላከችለትን ኮምፒውተር ይዞ ሱቄ ሲገባ ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ነበር። ውሃ ሳይኖረው ሩብ ሰዓት ያህል ሠርቷል። እነዚህ ፓምፖች ዘይት የላቸውም፤ ዘንጋቸውን የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም በውስጣቸው የሚያልፈው ውሃ ራሱ ነው። ደርቀው ሲዞሩ ራሳቸውን ይበላሉ። ያ ፓምፕ አልዳነም፤ ሌላ እስኪመጣለት ድረስ ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንደዚያ ያለ ጉዳት እንዳይደገም ነው። የምናገረው ማጠራቀሚያው፣ ፓምፑ፣ የውሃውን ሙቀት ወደ አየር የሚለቅቀው ራዲያተሩና ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ) ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን ለውሃው የሚያስተላልፈው የውሃ ብሎክ በቱቦ ስለሚያያዙበት፣ ሰው በእጁ ስለሚገጣጥመው ዓይነት ነው። ከፋብሪካ ተሞልቶና ታሽጎ የሚመጣው አነስተኛው ዓይነት መሙያ ስለሌለው አይከፈትም። ለእርሱ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ፓምፑ ከሁሉም ክፍል ከፍ ብሎ መቀመጥ የለበትም። አየር ሁልጊዜ ከፍተኛውን ቦታ ይይዛል፤ ከፍተኛው ቦታ ፓምፑ ከሆነ አየሩ እዚያው ይሰፍራል። ራዲያተሩን ከላይ ካሰራችሁት ግን አየሩ ማንንም ሳይጎዳ ራዲያተሩ ውስጥ ይቀመጣል።

ይህ ሕግ በእጅ ለሚገጣጠመውም ያው ነው። አየር ከውሃ ይቀላል፤ መንገድ ካገኘ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚህ በታች የምትሠሩት ሁሉ ያንን መንገድ መክፈትና መታገሥ ነው። ጋራዥ ውስጥ የመኪና ፍሬን አየር ሲወጣ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ አይከብዳችሁም።

የትኛው ውሃ?

በድሬዳዋ ከቧንቧ የሚቀዳው ውሃ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚመጣ ማዕድን ይበዛዋል። ቤታችሁ ያለውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ክፈቱና ታቹን ተመልከቱ፦ በጥፍር ሲቧጥጡት እንደ ቅርፊት የሚነሣው ነጭ ነገር ያ ማዕድን ነው። የውሃ ብሎክ ውስጥ ያሉት የመዳብ ቀጫጭን ቦዮች ስፋታቸው ከአንድ ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ያ ቅርፊት እዚያ ሲጋገር ኮምፒውተሩ መታነቅ ይጀምራል። የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን አለበት፤ አይሆንም።

የሚያስፈልገው ዲስቲልድ ውሃ፣ ማለትም ተንኖ እንደገና በመቀዝቀዝ ከማዕድን የጸዳ ውሃ ነው። የላቦራቶሪና የሕክምና ዕቃ ከሚሸጡ መደብሮች መግዛት ይቻላል። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ውሃም ንጹሕ ከሆነ ይሠራል፤ እዚህ ላይ ግን እጅግ ተጠንቀቁ። በባትሪ ቤቶች መደርደሪያ ላይ ውሃውና የባትሪ አሲዱ በሚመሳሰል ጠርሙስ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አሲዱ ወደ ማቀዝቀዣው ከገባ ብረቱን ይበላዋል፤ እጅና ዓይንንም ይጎዳል። በቅምሻ እንዳትለዩት። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ንጹሕ የመስታወት ቁራጭ ላይ ጥቂት ጠብታ አድርጌ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ፀሐይ ላይ አኖረዋለሁ። ዲስቲልድ ውሃ ከሆነ ደርቆ መስታወቱ እንደ ነበር ይሆናል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ነጭ ቀለበት ትቶ ይሄዳል። አሲድ ያለበት ግን አይደርቅም፤ ቀን ሙሉ ፀሐይ መትቶት እንኳ ዘይት የመሰለ እርጥበት ሆኖ ይቀራል። ሦስቱን ጎን ለጎን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ አይሳሳትም።

በዲስቲልድ ውሃው ላይ አልጌ የሚከላከልና ዝገት የሚያግድ ለኮምፒውተር ማቀዝቀዣ የተዘጋጀ መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመራል። በእኛ ሙቀት ያለ እርሱ ወራት ሳይቆይ ቱቦው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ታያላችሁ። የመኪና ራዲያተር ፈሳሽ ግን አልመክርም። በውስጡ ያለው ግላይኮል ውሃ በብርድ እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ የሚረጋ ውሃ የለም። የውሃውን ሙቀት የመሸከም አቅምም ይቀንሳል። በዚያ ላይ መርዝ ሆኖ ሳለ ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ለሕፃናትና ለቤት እንስሳት አደገኛ ነው።

አንድ ራዲያተርና አንድ ብሎክ ላለው ኮምፒውተር አንድ ሊትር ገደማ ይበቃል። ለማጠቢያና ለመጠባበቂያ ጭምር 3 ሊትር ግዙ።

ከመሙላታችሁ በፊት

አዲስ ራዲያተር ውስጥ ከብየዳው የቀረ ቆሻሻ ይኖራል። ግማሽ ድረስ ለብ ያለ ዲስቲልድ ውሃ ጨምሩበት፣ ቀዳዳዎቹን ዝጉ፣ አገላብጣችሁ ናጡት፣ ነጭ ሳሕን ላይ ድፉት። ሳሕኑ ላይ ጥቁር ቅንጣት እስካያችሁ ድረስ ድገሙት። ሲገዙ ደግሞ የአሉሚኒየም ራዲያተርና የመዳብ ብሎክ በአንድ ውሃ አታገናኙ፤ ሁለቱ ብረቶች ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ተበልቶ ያልቃል።

ቀጥሎ የፍሳሽ ፍተሻ ነው። በእጅ የሚነፋ፣ መለኪያ ያለው ትንሽ ፓምፕ ካላችሁ ውሃ ከመግባቱ በፊት አየር ወደ ውስጥ ነፍታችሁ 0.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ላይ አቁሙትና 15 ደቂቃ ጠብቁ። የክፍሎቹ አምራች ከዚህ ያነሰ ወሰን ካስቀመጠ የእርሱን ተከተሉ። መርፌው ካልወረደ ቱቦውም መጋጠሚያውም ጤነኛ ነው። ይህን ፍተሻ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ወይም ማራገቢያ ፊት አትሥሩ። ውስጡ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ብቻ መለኪያው 0.05 ባር ያህል ይወርዳል፤ እናንተም የሌለ ቀዳዳ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው መጋጠሚያው ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት ነው፤ ተጣሞ ወይም አቧራ ይዞ ይገኛል። መጋጠሚያዎችን በእጅ አጥብቁ፤ በፒንሳ የተጠበቀ መጋጠሚያ የብሎኩን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል።

መለኪያው ከሌላችሁ አትቁሙ፤ ሶፍት ይተካዋል። በየመጋጠሚያው ሥር የታጠፈ ነጭ ሶፍት አድርጉ፤ አንዲት ጠብታ ብትወርድ ወዲያውኑ ትታያለች። መለኪያ ያለውም ሰው ቢሆን ሶፍቱን አይተው።

ፓምፑን ብቻ ማስነሳት

ውሃው በሚሞላበት ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ፓምፑ ብቻ መሆን አለበት። ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍለው ክፍል (ከፓወር ሳፕላዩ) ወደ ዋናው ሰሌዳ (ማዘርቦርዱ)፣ ወደ ፕሮሰሰሩ፣ ወደ ግራፊክስ ካርዱና ወደ ዲስኮቹ የሚሄዱትን ገመዶች በሙሉ ንቀሉ። የፓምፑ የኃይል ገመድ ብቻ ይቅር። አንዳንድ ፓምፕ ሁለት ገመድ አለው፤ ቀጭኑ ፍጥነቱን ለመቆጣጠር ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄድ ነው፣ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

ፓወር ሳፕላዩ ከማዘርቦርዱ ትእዛዝ ካላገኘ አይነሣም። ትእዛዙን የምንሰጠው ትልቁ ባለ 24 ቀዳዳ ሶኬት ላይ አረንጓዴውን ገመድ ከየትኛውም ጥቁር ገመድ ጋር በማገናኘት ነው። ለዚሁ የተሠራ ትንሽ መሰኪያ አለ፤ ከሌለ በፕላስተር የተጠቀለለ የወረቀት ክሊፕ ይሠራል። ክሊፑን የምታስገቡት ፓወር ሳፕላዩ ከጀርባው ጠፍቶ፣ ከግድግዳውም ተነቅሎ ሳለ ነው። የእናንተ ገመዶች ሁሉም ጥቁር ከሆኑ በግምት አትሞክሩ፤ መሰኪያውን ፈልጉ።

ከዚህ በኋላ ፓምፑን የምታበሩትና የምታጠፉት በፓወር ሳፕላዩ ጀርባ ባለው ማብሪያ ነው። አውራ ጣታችሁ ከዚያ ማብሪያ አይራቅ።

የመብራት ነገር ደግሞ አለ። በሥራ መካከል መብራት ሲጠፋ ሰው ይተነፍስና ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል። ክሊፑ እንደ ተሰካ ማብሪያውም እንደ በራ ስለሆነ መብራት ሲመጣ ፓምፑ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሣል። አንድ ቀን ማጠራቀሚያው ባዶ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው መብራት ጠፋና ውሃ ላመጣ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ መብራቱ መጥቶ ፓምፑ በደረቁ እየጮኸ አገኘሁት። ለጥቂት ሰኮንዶች ነበርና ተረፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ማብሪያውን ማጥፋት ነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

መሙላት

በማለዳ ጀምሩ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቤቱም ውሃውም ቀዝቃዛ ነው፤ ሰውም አይቸኩልም። በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ላብ ከግንባራችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ያን ጊዜ ሶፍቱ ላይ ያያችሁት ጠብታ ከቱቦው ይሁን ከእናንተ መለየት ያስቸግራል።

የመሙያውን ክዳን ክፈቱና ሾጣጣ አፍ ባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃውን በዝግታ ጨምሩ። ጠርሙሱ ከሌለ ከፋርማሲ ትልቁን ሲሪንጅ ያለ መርፌ ግዙ፤ ጠባብ ቀዳዳ ላላቸው ማጠራቀሚያዎች እንዲያውም ከጠርሙሱ ይሻላል። ውሃው በራሱ ክብደት ወርዶ ፓምፑን መሙላት አለበት። ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወስደው መንገድ ውሃ መያዙን በዓይናችሁ ሳታረጋግጡ ማብሪያውን አትንኩ።

ማጠራቀሚያው ሲሞላ ማብሪያውን አብሩ። ውሃው ወደ ራዲያተሩ እየተገፋ በማጠራቀሚያው ውስጥ በፍጥነት ይወርዳል፤ ሁለትና ሦስት ሰኮንድ ብቻ ይፈጃል። ሲሶው ሲቀር አጥፉ። ባዶ እስኪሆን አትጠብቁ፤ ፓወር ሳፕላዩ ከጠፋ በኋላም የቀረውን ኃይል እስኪጨርስ ፓምፑ ለጥቂት ጊዜ መዞሩን ሊቀጥል ይችላል። እንደገና ሙሉ፣ አብሩ፣ አጥፉ። አራት አምስት ጊዜ ከደጋገማችሁ በኋላ ውሃው ዞሮ ወደ ማጠራቀሚያው ተመልሶ ሲፈስ ታያላችሁ። ከዚያ ወዲህ ደረጃው በብዛት አይወርድም፤ ፓምፑም ሳይቋረጥ መሥራት ይችላል።

ሁለት ሦስት ጊዜ ሞልታችሁ ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ፓምፑ ውስጥ አየር ታንቋል ማለት ነው። ፍጥነቱን መጨመር አይረዳም። አጥፉት፣ የኮምፒውተሩን ሣጥን ወደ ጎን አጋድሉና መልሱ፤ ከፓምፑ አፍ ትልቅ አረፋ ብቅ ብሎ ወደ ማጠራቀሚያው ሲወጣ ካያችሁ እንደገና ሞክሩ።

አየሩን ማስወጣት

አሁን ፓምፑ ይሠራል፤ ድምፁ ግን በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንኳኳ ጠጠር ነው፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ውሃም ወተት መስሏል። አትደንግጡ። ይህ በሺህ የሚቆጠር ደቃቅ አረፋ ነው። ለአሥር ደቂቃ እንዲሁ ይዙር፤ ከዚያ አጥፉትና አምስት ደቂቃ ይረፍ። በዕረፍቱ ጊዜ አረፋዎቹ ተያይዘው ትልቅ ይሆናሉ፤ ትልቅ አረፋ ደግሞ ከትንሹ ይልቅ በቀላሉ ይወጣል። ስለዚህ ማብራትና ማጥፋቱን ደጋግሙት። ፓምፑ ፍጥነቱ የሚቀያየር ከሆነ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ አድርጉት፤ ብሎኩ ጥግ ላይ የተጣበቀ አረፋ ከፍጥነቱ ብዛት ይልቅ በፍጥነቱ መለዋወጥ ይላቀቃል። ለስላሳ ቱቦ ከሆነ በሁለት ጣት ጨመቅ ለቀቅ አድርጉት።

ዋናው የአየር ጎሬ ራዲያተሩ ነው። ጠፍጣፋ ቦዮቹ ውስጥና በሁለቱ ጫፎቹ አየር ይደበቃል። ማጠራቀሚያውን እስከ አፉ ሙሉና ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉ፤ ከዚያ ሣጥኑን አዘንብሉት። ሐሳቡ ውሃ ከራዲያተሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ከራዲያተሩ ሌላው ክፍል ከፍ እንዲል ማድረግ ነው። ፓምፑ እየሠራ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፤ በእያንዳንዱ ላይ ሃያ ሰኮንድ ያህል ያዙት። ሣጥኑ ከባድ ስለሆነ ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ይያዝ፣ አንዱ ማጠራቀሚያውን ይመልከት። ሲዘነበል የማጠራቀሚያው መውጫ ከውሃ በላይ ከታየ ወዲያውኑ አጥፉ፤ አለዚያ ያወጣችሁትን አየር መልሳችሁ ታስገባላችሁ። ሁልጊዜ ስትመልሱት ደረጃው ጥቂት ወርዶ ታገኙታላችሁ። የወረደው ውሃ የወጣውን አየር ቦታ ይዟል፤ በዚያው ልክ ጨምሩ።

ማጠራቀሚያው ውስጥ ውሃው እንደ አዙሪት እየተሽከረከረ አየር ወደ ታች የሚስብ ከሆነ ስታወጡ ብትውሉ አያልቅም። ደረጃውን ከፍ፣ ፍጥነቱን ዝቅ ስታደርጉት አዙሪቱ ይጠፋል።

አየሩ አልቆ እንደሆነ ማወቂያ ልስጣችሁ፤ እኔ ከምንም በላይ የምተማመንበት ይህን ነው። ማጠራቀሚያው ላይ ወደ ታች አንድ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ። ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ፓምፑ ቆሞ ሳለ የውሃውን ደረጃ በእስክሪብቶ አስምሩ። ፓምፑን አብሩና አዲሱን ደረጃ አስምሩ። ውሃ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ፓምፑ ሲነሣ ደረጃው የጣት ስፋት ያህል ከወረደና ሲቆም ተመልሶ ከወጣ፣ አንድ ቦታ የሚጨመቅ አየር አለ። ሁለቱ መስመሮች ተቀራርበው አንድ ወፍራም መስመር ሊመስሉ ሲደርሱ ሥራችሁ አልቋል። ቱቦውም ጥቂት ስለሚለጠጥ ፍጹም አንድ እንዲሆኑ አትጠብቁ።

ከዚያ በኋላ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ፣ አቧራ እንዳይገባ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ሶፍቶቹ በየቦታቸው ሆነው ፓምፑን እስከ ማግሥቱ አሠሩት። መብራት የሚቆራረጥበት ሳምንት ከሆነ ሰው በሌለበት አትተዉት፤ ቀን በቀን ከፋፍላችሁ 24 ሰዓት አሟሉ። በማግሥቱ ሶፍቶቹን አንድ በአንድ አንሡ፣ በጣት ዳብሱ። ሁሉም ደረቅ ከሆኑ ፓወር ሳፕላዩን አጥፉ፣ ክሊፑን አውጡ፣ ገመዶቹን ወደ ቦታቸው መልሱ። እርጥብ ካገኛችሁ ግን መጋጠሚያውን አስተካክላችሁ ፍተሻውን ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ ማዘርቦርዱ ረጥቦ ከሆነም ፍጹም ሳይደርቅ ኤሌክትሪክ አታስነኩት።

ሲሞቅ የሚወጣው አየር

ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ቱቦው ላይ እንደ ጤዛ የተለጠፉ ጥቃቅን አረፋዎች ታያላችሁ። ብዙ ሰው ቀዳዳ አለው ብሎ ይደነግጣል። እነዚህ ከውጭ አልገቡም። ቀዝቃዛ ውሃ አየር አሟሙቶ ይይዛል፤ ሲሞቅ ያንኑ ይለቅቃል። ራዲያተር ውሃውን ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም፤ ክፍላችሁ 35 ዲግሪ ከሆነ ሥራ ሲበዛ ውሃው ከዚያ አሥር ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ በማለዳ የሞላችሁት ውሃ ከሰዓት በኋላ አረፋ መልቀቁ ጤናማ ነው። አንድ ሰዓት ከባድ ሥራ፣ ለምሳሌ የቪዲዮ ማቀናበር፣ አሠሩት፤ ይቀዝቅዝ፤ ደረጃውን እዩና ጨምሩ።

ስትጨምሩ ግን እስከ አፉ አትሙሉ። ከ25 ወደ 55 ዲግሪ ሲሞቅ ውሃ በመቶ አንድ ያህል ይሰፋል፤ ለአንድ ሊትር አሥር ሚሊሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ከላይ ሁለት ጣት ክፍት ተዉለት። ክዳኑን የምትከፍቱት ሁልጊዜ ፓምፑ ቆሞ ውሃው ሲቀዘቅዝ ይሁን።

ለመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በወር አንድ ጊዜ ፕላስተሩ ላይ ካለው መስመር ጋር አስተያዩ። በቱቦው ግድግዳ በኩል ትንሽ ትንሽ ውሃ ይተናል፤ በእኛ ሙቀት ከቀዝቃዛ አገር በፈጠነ። በዓመት አንድ ጊዜ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ቀይሩት።

ኮምፒውተሩን ወደ ሐረር የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ የደንገጎ ጥምዝምዝ መንገድ እኔና እናንተ በእጃችን ያላስለቀቅነውን አረፋ ያስለቅቃል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,880 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወደ ላይ ስትወጡ የውጭው አየር ግፊት በ0.07 ባር ያህል ይቀንሳል፣ በማጠራቀሚያው ውስጥ የታሸገው አየርም በዚያው ልክ ወደ ውጭ ይገፋል። ሣጥኑን ቀጥ አድርጋችሁ አቁማችሁ ውሰዱት። እንደ ደረሳችሁ ከማብራታችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ግፊቱን አስተንፍሱ፣ የጎደለውን በሲሪንጁ ጨምሩ፣ ዝጉት፣ አዲስ ሶፍት በየመጋጠሚያው ሥር አድርጉና ለግማሽ ሰዓት ፓምፑን ብቻ አሠሩት።